ሱቁ የከሰረበት ሰው እንዴት የምክር ቤት አባል ሆነ?

የሸርፍ ተራው ባለሱቅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሰሞኑን ልጄን የታሪክ ትምህርት ሳስጠና፣ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ አስቀድሞ በኢሊኖይ ኒው ሳሌም በምትባል መንደር ሱቅ ከፍቶ እንደ ከሰረ፣ ብዙም ሳይቆይ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እንደ ተመረጠ አነበብሁ። እኛ ዘንድ ዕዳ ያለበት ነጋዴ ለምክር ቤት ይቅርና ለቅሬ ዳኝነትም አይታጭም። ሰዉ በምን አመነው?

መምህር ከሐይቅ፦
ወንድሜ፣ ሰዉ ያመነው ሱቁን ሳይከፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ተወዳድሮ በሳንጋሞን አውራጃ ቢሸነፍም፣ በራሱ መንደር ምርጫ ጣቢያ 277 ድምፅ አግኝቶ ነበር። ከዚያ ከዊሊያም ቤሪ ጋር በሽርክና የያዘው ሱቅ፣ ሸቀጡ አብዛኛው በዱቤ የተገዛ በመሆኑ ከሰረ። ሆኖም በ1833 የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆኖ ደብዳቤውን በባርኔጣው ውስጥ ይዞ እስከ ባለቤቱ ደጅ ያደርስ፣ በመሬት ቀያሽነትም ከአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላው ይዞር ስለ ነበር፣ በ1834 ድምፅ የሰጡት ሰዎች በስም ብቻ ሳይሆን በመልክም ያውቁታል። እስከ 1842 ድረስም አራት ጊዜ ተመርጧል።

ነጋዴው ከኮምቦልቻ፦
የዱቤውን ነገር መምህሩ ፈጥነው አለፉት። ቤሪ በ1835 ሲሞት የእርሱም ድርሻ በሊንከን ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ጠቅላላው 1,100 ዶላር ገደማ ስለ ነበር «ብሔራዊ ዕዳዬ» እያለ ይቀልድበት ነበር። አበዳሪ ከስሶት ፈረሱና የቅየሳ መሣሪያው በሐራጅ ሲሸጡ፣ ጄምስ ሾርት የተባለ ጎረቤቱ በ120 ዶላር ገዝቶ መለሰለት። ለመጀመሪያው ጉባኤ ወደ ቫንዳሊያ የሄደውም ኮልማን ስሙት የተባለ ገበሬ ባበደረው 200 ዶላር፣ በከፊሉ ልብስ አሰፍቶ ነው። የምክር ቤቱ አበል በቀን 3 ዶላር ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ መንደሩ ብድር መመለሱን ባያምን ኖሮ ማን ያበድረው ነበር?

ከባቲ፦
እኔ ግን ምስጋናው የበዛ መሰለኝ። የራሱን ዕዳ በዓመታት ጥረት የከፈለ ይኸው ሰው፣ በ1837 ለመንገድ፣ ለቦይና ለባቡር ሐዲድ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስወጣውን ዕቅድ ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ ሲደርስ ሥራው ከመንገድ ቀረ፤ ክፍለ ግዛቱም ለረጅም ጊዜ በዕዳ ተዘፈቀ። «ረጃጅሞቹ ዘጠኝ» የተባሉት እርሱና ባልንጀሮቹ ለራሳቸው አውራጃ ያተረፉት ዋና ከተማው ከቫንዳሊያ ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር ማስወሰናቸውን ነው።

የሸርፍ ተራው ባለሱቅ (ደሴ)፦
አላህ ይስጥልኝ። ያ በሐራጁ የገዛለት ሾርት ገንዘቡን መልሶ አገኘ ይሆን?

ነጋዴው ከኮምቦልቻ፦
አግኝቷል። ሊንከን ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም፣ ሾርት ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቸግሮ እንደሚኖር ሲሰማ የመንግሥት ሥራ ሰጠው።