የማጠፊያ ጉልበት ፓተንት፦ በሥዕል ብቻ የሚታይ ማቆሚያ ማስገባት ይቻላል?

ለአሜሪካ ፓተንት ቢሮ መልስ የምታዘጋጁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ማመልከቻው በሽክርክሪት ማጠፊያ ስለሚሠራ ሰው ሠራሽ ጉልበት ነው፤ የጭኑ ክፍል በአግድም ዘንግ ይታጠፋል፣ ረጅሙ ምሰሶ ደግሞ በቅልጥሙ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል። መርማሪው ሁለት የቀደሙ ፓተንቶችን አጣምሮ በአንቀጽ 103 (ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ፈጠራ ፓተንት አያገኝም በሚለው) ውድቅ አደረገው። አንደኛው ዘንግና ምሰሶ አለው፤ ሁለተኛው የሽክርክሪት ማቆሚያ ጉብታ አለው፣ ግን ማጠፊያ የለውም፣ ጅማታቸው ደህና ለሆነ ታካሚዎች የታሰበ ነው። ማጣመሩ ደካማ ይመስለኛል፤ ጅማት በሌለበት የመጠምዘዝ ኃይሉ የሚያርፈው ማጠፊያው ላይ ነውና።

የእኛ ጉብታ ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው፤ ይህን ወደ መጀመሪያው የይገባኛል ነጥብ (የፓተንቱን ጥበቃ ወሰን ወደሚገልጸው ዐረፍተ ነገር) ማስገባት እፈልጋለሁ። ችግሩ፣ የሚታየው በሥዕሉ ብቻ ነው። ቦታውን ሥዕሉ ይደግፈዋል፤ ማዕዘኑን ለክቶ መጻፍ ግን፣ ሥዕሉ በልኬት መሠራቱ ስላልተገለጸ፣ አዲስ ነገር (በመጀመሪያው ማመልከቻ ያልነበረ፣ ኋላ መጨመር የማይፈቀድ) ያስብላል ብዬ እሰጋለሁ። ማዕዘኑን ትቼ ቦታውን ብቻ ብጽፍ ይበቃል? ወይስ በደንብ 1.132 (ውድቅ መደረጉን በማስረጃ ለመቃወም በሚያስችለው) የባለሙያ ቃለ መሐላም ላያይዝ?