የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቴን ጨርሼ ካርዱ ዛሬም «ፖዘቲቭ» አለ፤ እስከ ነገ 6 ሰዓት ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፣ ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ወገኖቼ፣ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቴን አንዲት ፍሬ ሳላጓድል ውጬ ጨርሻለሁ። ዛሬ ግን ለአዲስ ሥራ በታዘዘልኝ የጤና ምርመራ ካርዱ ሁለት መስመር አወጣ። ባለሙያው ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መትቶ ሰጠኝ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሰም። ይህን ወረቀት ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ለቀጣሪዬ ማስገባት አለብኝ።

ሰውነቴም ቢሆን የዳነ ሰው ሰውነት አይመስልም። እኩለ ቀን ሲያልፍ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ በረባ ባልረባው በልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። አንድ ወዳጄ ያንኑ መድኃኒት በጅቡቲ በኩል ሊያስመጣልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። ድጋሚ ልጀምር ወይስ ከእርሱ የበረታ ሌላ መድኃኒት አለ? እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ።

የሳቢያኗ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። መድኃኒቱን የጨረሱት መቼ ነው? ስሙስ ማን ይባላል? ከጨረሱ በኋላ ሐኪምዎ ዘንድ ተመልሰው ነበር? እነዚህን ሳይነግሩን «ድጋሚ ልጀምር ወይ» ብለው ቢጠይቁ የምንመልስልዎ ነገር የለም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ በመጀመሪያ ያለህበትን ዘመን አመስግን። እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ ይህ በሽታ ስም እንኳ አልነበረውም፤ ሐኪሞች «ኤ ያልሆነ ቢ ያልሆነ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ለዚሁ ሥራ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከዛሬዎቹ እንክብሎች በፊት የነበረው ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር፤ በሽተኛው እስከ 48 ሳምንት ድረስ እየተወጋ ትኩሳትና ከባድ ድብርት ይፈራረቁበት ነበር፣ ይህን ሁሉ ችሎም የሚድነው ከሁለቱ አንዱ ያህል ነበር። አንተ ግን በ12 ሳምንት እንክብል ብቻ፣ ያውም ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት በሚድኑበት መድኃኒት ታክመህ ታማርራለህ። ወጣቶች ትዕግሥት የላችሁም። ደግሞም መጠጥ የምትቀምስ ከሆነ ከዛሬ ጀምረህ ተው፤ ሌላውንም ጠባዩ ያልታወቀ ነገር ሁሉ የሚያጣራው ጉበት መሆኑን አትርሳ።

ከዚራ ጥላ ሥር

ጋሼ፣ ሰውየው እስከ ነገ 6 ሰዓት ብቻ ነው ጊዜ ያለው፤ እርስዎ ገና 1989 ላይ ነዎት።

ላብራቶሪው

በላብራቶሪ ሙያ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ስለ ካርዱ ብቻ ልናገር። ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም የሚሠራው ካርድ ቫይረሱን አያይም። የሚያየው ሰውነትዎ ቫይረሱን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እርሱ ደግሞ ቫይረሱ ከደም ከጠፋ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተያዘ ሰው ሙሉ በሙሉ ድኖም ቢሆን በዚህ ካርድ ሁለት መስመር ቢያወጣ አዲስ ነገር አይደለም። መዳን አለመዳንዎን የሚናገረው የቫይረሱን መጠን የሚለካው ምርመራ ነው፤ ሰዉ ቫይራል ሎድ የሚለው ማለት ነው። ይህም መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ተሠርቶ ምንም ካልተገኘ «ድኗል» ተብሎ ይጻፋል። ወረቀትዎን ይመልከቱት፤ «ፀረ እንግዳ አካል» ወይም «ካርድ» የሚል ካለበት ስለ ዛሬው ጤናዎ የነገረዎ ነገር የለም።

የአጎቴ ልጅ ድኗል

ወንድሜ፣ ጊዜ አታጥፋ፣ መድኃኒቱን ድገመው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ወስዶ ድኗል። ከጎኑም ፌጦ በማር በባዶ ሆድ ቢወሰድ ጉበትን ያጥባል።

የሳቢያኗ

ከላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መልስ መስጠት መቼ እንደምንተው አላውቅም። መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ያረጋገጠ ምርመራ በሌለበት ምኑ ነው የሚደገመው? አልሠራም ቢባል እንኳ ያንኑ መድገም ሳይሆን ሐኪም ሌላ ጥምረት ይመርጣል። በእጅ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ አደጋ አለው፤ ከሲ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሶፎስቡቪር ለልብ ምት ከሚሰጠው አሚዮዳሮን ጋር ቢገናኝ የልብን ምት እስከ አደገኛ ደረጃ ሊያዘገይ ይችላል፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰውም የሲ መድኃኒት ሲወስድ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሣበት ይችላል። ጉበትን «ያጥባል» የሚባለውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጉበታቸው ምንነቱ ባልታወቀ ሥራ ሥር ተጎድቶ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች አሉ።

ጠያቂ

አመሰግናለሁ፣ አሁን ወረቀቱን አየሁት፤ «ካርድ» ይላል። መድኃኒቶቹ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር ናቸው፣ ለ12 ሳምንት በየቀኑ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ፍሬ ነው የወሰድኩት። የመጨረሻዋን ፍሬ የዋጥኩት ነሐሴ 12 ነው። ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ ተብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ረስቼዋለሁ።

አንድ ያልጻፍኩት ነገርም አለ። ባለቤቴ «ከየት አመጣኸው?» ብላ ከጠየቀችኝ ስድስት ወር ሆናት፤ መልስ የለኝም። እቤት የራሴ ስኒ አለችኝ። ከሌሎቹ እንድትለይ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አስሬባታለሁ፤ ልጆቼ ሲያጥቧት ብቻዋን ለይተው ነው የሚያጥቧት። መድኃኒቱ ሲያልቅ ክሩን እፈታለሁ ብዬ ነበር፣ ዛሬ ያንን ካርድ ሳይ ደግሞ አጠበቅኩት።

ከዚራ ጥላ ሥር

ወንድሜ፣ ስኒዋ ምን በደለች? ሄፓታይተስ ሲ በስኒ ቢተላለፍ ኖሮ በየጎረቤቱ ቡና የሚጠራራ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ተያይዞ ባለቀ ነበር።

ላብራቶሪው

ቀልዱ እውነት አለው። ይህ ቫይረስ የሚተላለፈው በደም ነው፤ አብሮ በመብላት፣ በስኒ፣ በመተቃቀፍ፣ በሳል አይተላለፍም። ለይተው መያዝ የሚገባዎት ደም ሊነካቸው የሚችሉ ምላጭን፣ የጥርስ ብሩሽንና የጥፍር መቁረጫን ነው፤ ይህም ለማንኛውም ቤተሰብ የሚመከር ነው።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ከነሐሴ 12 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 18 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፣ እስከ ዛሬ ጥቅምት 24 ደግሞ 24፤ በጠቅላላው 77 ቀን ነው። 12 ሳምንት 84 ቀን ስለሆነ የሚሞላው ኅዳር 1 ነው። ጳጉሜንን ረስቶ የሚቆጥር ሰው ስለሚሳሳት ነው በዝርዝር የጻፍኩት። ከኅዳር 1 ጀምሮ ባለው በማንኛውም ቀን ደምዎን ቢሰጡ ውጤቱ ሙሉ ዋጋ ይኖረዋል። ለነገው ግን ሕክምናውን ወደ ሰጡዎት ሐኪም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄደው «የሄፓታይተስ ሲ ሕክምናውን በዚህ ቀን ጨርሷል፣ የካርዱ ፖዘቲቭ መሆን የሚጠበቅ ነው፣ የማረጋገጫ ምርመራው በዚህ ቀን ይሠራል» የሚል አጭር ደብዳቤ ያስጽፉ፤ ከዛሬው ወረቀት ጋር አያይዘው ያስገቡት። የካርዱን ወረቀት ብቻውን አያስገቡ።

የጁገሏ እናት (ሐረር)

ስለ ስኒው ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ባለቤቴም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ አድርጎ ነበርና። እርሱ የሚበላበትን ሰሃን ለይቶ አልጋ ሥር ይደብቅ ነበር። ሕክምናውን ጨርሶ ቫይረሱ አልተገኘበትም ከተባለ በኋላ እንኳ አውጥቶ ከሌሎቹ ጋር ለመደባለቅ አራት ወር ፈጀበት። ያን ጊዜ የተረዳሁት መድኃኒቱ ቫይረሱን እንጂ ፍርሃቱን እንደማያወጣ ነው። የጉበት ኢንዛይሙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ እርሱ ግን መስታወት ፊት ቆሞ የዓይኑን ነጭ ማየት አልተወም።

ሰው ካርዱን አይቶ ሲፈርድብዎት ይህን ይንገሩት። እኔ በልጅነቴ የወፍ በሽታ ያዛት ተብዬ ክንዴ ላይ በጋለ ብረት ተተኩሻለሁ፤ ምልክቱ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ማንም እርሱን አይቶ «ዛሬ የወፍ በሽታ አለብሽ» ብሎኝ አያውቅም። ካርዱ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮችም እንደዚያው ናቸው።

«ከየት አመጣኸው» ለሚለው ደግሞ ባለቤትዎን ይዘው ሐኪም ዘንድ ቢቀርቡ ይሻላል። የእኛም ቤት በዚህች ጥያቄ ሊፈርስ ነበር። ሐኪሙ ለሁለታችንም ያስረዳን በባልና ሚስት መካከል በግንኙነት መተላለፉ እምብዛም መሆኑን፣ ይልቁንም ባልተቀቀለ መርፌ፣ ሳይመረመር በተሰጠ ደም፣ በጋራ ምላጭ፣ በልጅነት በተደረገ መቁረጥና መብጣት የሚመጣ እንደሆነና ሰው ሳያውቀው ለ20 እና ለ30 ዓመት ሊሸከመው እንደሚችል ነው። ከየት እንደመጣ ዛሬ ድረስ አናውቅም፤ መጠየቁን ግን ትተናል። እርሷም ልትመረመር ይገባል፣ ለክስ ሳይሆን ለጤናዋ።

ፊት ለፊት

ሁሉም ሰው ያዝናል፤ እኔ ግን ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። ጠያቂው ድካሙንና እንቅልፍ ማጣቱን የበሽታው ወይም የመድኃኒቱ ቅሪት አድርጎ አቅርቦታል። ድካምና ራስ ምታት የመድኃኒቱ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች መሆናቸው እውነት ነው፣ ነገር ግን መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በቀናት ውስጥ ነው፤ ካቆመ ደግሞ 77 ቀን ሆኖታል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ወንድሜ፣ ከሰዓት በኋላ የት ነው የምትውለው? እዚህ ከተማ መጻፍ የማያስፈልገው ነገር ስለሆነ ነው ያልጻፍከው።

ጠያቂ

በርጫ ማለትህ ከሆነ፣ መድኃኒቱን በወሰድኩባቸው 12 ሳምንታት አንዲት ቅጠል አልነካሁም። መስከረም ላይ ነው የተመለስኩበት፣ ያውም እንደ ድሮው አይደለም። የመጣሁት ስለ ቫይረሱ ልጠይቅ እንጂ ስለ ጫት ልመከር አልነበረም።

ፊት ለፊት

ስለ ቫይረሱማ መልስ አግኝተሃል። ሌሊት እንቅልፍ የነሣህና ልጆችህ ላይ የሚያስጮህህ ግን ቫይረሱ ላይሆን ይችላል እያልኩህ ነው። ለጉበቱም ቢሆን፣ በሐረር ሆስፒታሎች ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት ጫት መቃም ለዘለቄታው የጉበት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ለአንተ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው የምናገረው፤ አሁን ይህን የምጽፈው ከበርጫ ተነሥቼ ነው።

የሳቢያኗ

ፊት ለፊት ልክ ቢሆንም ሁሉንም ድካም በጫት ማሳበብ አይገባም። ለሐኪምዎ ሲነግሩ የደም ማነስ፣ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ይጠይቁ። ድብርት ካለ ደግሞ በሽታ ነው፣ ይታከማል፤ መኖርን እስከ መጥላት የሚያደርስ ሐሳብ ከመጣብዎ አንድ ቀን እንኳ አይቆዩ። ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ከሕክምናው በፊት ጉበትዎ ጠጥሯል ተብሎ ከነበረ ቫይረሱ ቢጠፋም በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነው፤ የጉበት ካንሰር ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አንዴ መዳንም ዳግመኛ ከመያዝ አይከላከልም፣ ለሲ ክትባት የለውም። የቢ ክትባት ግን አለ፤ ካልተከተቡ ይጠይቁ።

ከዚራ ጥላ ሥር

ቡናስ? ይህንንም ከከለከላችሁን ምን ቀረን?

ላብራቶሪው

ቡና አይከለከልም፤ አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ዘንድ የጉበት ጠባሳ አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን ከምሽት በፊት ይሁን።

የአጎቴ ልጅ ድኗል

እንግዲያው ድጋሚ ከመጀመርህ በፊት ቫይራል ሎድ አሠራ። እኔም መጀመሪያ ልል የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚራ ጥላ ሥር

እናመሰግናለን፤ መንገድ ላይ ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው።

ጠያቂ፣ ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል

ደብዳቤውን አስጽፌ አስገብቻለሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ሁለቱንም ወረቀት ደጋግማ አነበበችና «ታዲያ ድነሃል ወይስ አልዳንክም?» አለችኝ። ኅዳር 1 እነግርሻለሁ አልኳት። ማሽኑ ለዚህ ምርመራ የሚሆን ካርትሪጅ ስለሌለው ደሜ ወደ ሌላ ከተማ ሊላክ እንደሚችል ነግረውኛል፤ ስለዚህ ኅዳር 1 ጠዋት ለመስጠት ተመዝግቤያለሁ። ባለቤቴም አብራኝ ልትመጣ ተስማምታለች። ስለ ጫቱ አልተከራከርኩም፣ አልተውኩምም።

የጁገሏ እናት፣ ኅዳር 16

ወንድሜ፣ ኅዳር 1 ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነ። ውጤቱ መጣ? ክሩስ ተፈታ?

አዲስ አባል (ሐረር)፣ ታኅሣሥ 3

ይቅርታ፣ የቆየ ጥያቄ ላይ ነው የምጽፈው። እኔም ትናንት ደም ልለግስ ሄጄ በዚሁ ሳቢያ ተመለስኩ፤ መድኃኒቱን የጨረስኩት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ቫይራል ሎዱም ምንም አላሳየም ነበር። ድኜ ሳለ ደሜን ለምን አይቀበሉኝም?

ላብራቶሪው

ድነዋል። የደም ባንክ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ የተገኘበትን ደም ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ይህም እርስዎ ቢድኑም የማይለወጥ ነው።