የራማን ብተና ስሌቴ ማደጉን አልተው አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሌዘር ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ) ውስጥ ሲገባ ስለሚፈጠረው የራማን ብተና ነው። የሌዘሩ ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ኋላ የሚመለስ ብርሃን ነው፣ ሌላው የኤሌክትሮን ሞገድ። እፍጋቱ ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ በሚጨምር ፕላዝማ ውስጥ ሁለቱ ሞገዶች የተወሰነ አድገው እንደሚቆሙ የፊዚክስ ሊቁ ማርሻል ሮዘንብሉት በ1972 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። የእኔ የፓይተን ኮድ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ማደጉን አይተውም።

ካፓ ፕራይም (የሞገዶቹ መግጠም ከቦታ ቦታ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዛባ) 0.01 ነው፤ ስሌቱ የሚካሄድበት ሳጥን ከ-800 እስከ 800፣ የግሪዱ ርቀት (በተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለው) 1። ጋማ (የእድገቱ ፍጥነት) ስኩዌር ለካፓ ፕራይምና ለሁለቱ ሞገዶች ፍጥነቶች ብዜት ሲካፈል 1 ይመጣል። ዳምፒንግ (የሞገዶቹን መዳከም) አላስገባሁም። ግራፉ ላይ ከመሃሉ ሌላ ወደ ጫፎቹም ጉብታ አለ። መብራት እየጠፋብኝ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ፤ ሰኞ ደግሞ አማካሪዬ ጋ እቀርባለሁ። እባካችሁ እህታችሁን እርዱ።

ሞገድ ቆጣሪ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ መድረስ ያለብሽን ቁጥር ያዢ። በሰጠሽው መጠን ከጫፍ የገባው ሞገድ አምፕሊትዩዱ (ከፍታው) የሚያድገው ኢ ፓወር ፓይ ያህል፣ ማለትም 23 እጥፍ ገደማ ነው፤ ኢንቴንሲቲው (የከፍታው ስኩዌር) 535 እጥፍ። ከዚያ በላይ ከሄደ የኮዱ ስህተት ነው።

ምክንያቱን በክራር አስቢው። ሦስቱ ሞገዶች፣ ሌዘሩና ሁለቱ፣ ቅኝታቸው የሚገጥመው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እፍጋቱ ሲለወጥ የኤሌክትሮኑ ሞገድ ክር ይጠብቃል ወይም ይላላል፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ አይደማመጡም። ሞገዶቹ ያቺን ቦታ አልፈው ስለሚሄዱ እድገቱ እዚያው ያበቃል።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
እኔም አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። ሞገዱ ከሳጥኑ ግድግዳ እየነጠረ ይመለስ ይሆናል። የሌዘሩን ጉልበት ጫፎቹ ላይ በድንገት አትቁረጪው፤ ቀስ እያልሽ ወደ ዜሮ አውርጂው።

የአዌቱ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሞከርኩት፤ ለውጥ የለም። ጉብታዎቹ ግድግዳው ላይ አይደሉም፤ 630 እና -630 አካባቢ ናቸው።

ጅሬን፦
ቦታውን መናገርሽ ጠቀመ። 0.01 በ628 ሲባዛ 6.28 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሁለት ፓይ ነው! የግሪድሽ ርቀት 1 ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ፌዙ (የሞገዶቹ የዙር ልዩነት) ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ሙሉ ዙር ዞሮ ይመለሳል። ኮዱ ምንም እንዳልዞረ አድርጎ ያየዋል፤ ቅኝቱ የገጠመ ይመስለዋል። ስለዚህ በአንድ እውነተኛ ነጥብ ፈንታ ሦስት አለሽ። አንዱ ሞገድ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ስለሚጓዝ ነጥቦቹ እየተቀባበሉ ያሳድጉታል፤ ማቆሚያ የለውም።

ሳጥኑን ከ-200 እስከ 200 አድርጊው። ጫፉ ላይ በአንድ እርምጃ የሚዞረው 2 ራዲያን ብቻ ይሆናል፤ ከፓይ በታች ነው። መስተጋብሩ የሚካሄደው ከመሃሉ ግራና ቀኝ 20 ያህል ውስጥ ስለሆነ የሚቀርብሽ ነገር የለም። ነጥቦቹም ከ1600 ወደ 400 ይወርዳሉ፤ መብራት ሳይጠፋ ይጨርስልሻል።

የአዌቱ ልጅ፦
ቆመ! ከ23 ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩበት ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የእውነተኛ ሌዘር ቁጥር ላስገባ ነው፤ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ?

ሞገድ ቆጣሪ፦
ደስ ይላል። 351 ናኖሜትር ከወሰድሽ፣ ብርሃኑ ሊያልፈው የማይችለው የኤሌክትሮን እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 9 ጊዜ 10²¹ ገደማ ነው። ራማን የሚኖረው እስከ ሩቡ፣ እስከ 2.3 ጊዜ 10²¹ ያህል ብቻ ነው። እዚያው ሩቡ አጠገብ ግን 23 እጥፉን በሰጠን የሮዘንብሉት ቀመር አትመኪ፤ የተበተነው ብርሃን ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ከቦታው ሳይነቃነቅ በእውነትም ሊያድግ ይችላል። እፍጋቱ ጫፍ ደርሶ የሚመለስበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ካፓ ፕራይም እዚያ ዜሮ ይሆናል። እፍጋቱ በጣም ሲያንስና ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ የላንዳው ዳምፒንግ የኤሌክትሮኑን ሞገድ ስለሚያዳክመው አሁን የተውሽውን ዳምፒንግ ማስገባት ይኖርብሻል።

ጅሬን፦
አማካሪሽ «ምን ይጠቅማል?» ካሉሽ፣ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚገኘው ብሔራዊ የኢግኒሽን ተቋም 192 ጨረሮች 2.05 ሜጋጁል አስገብተው ፊውዥኑ (የአተም ኒውክለሶች ውህደት) 3.15 ሜጋጁል እንደሰጠ ንገሪያቸው። በራማን ወደ ኋላ የሚበተን ብርሃን ነዳጁን የያዘው ኢላማ ላይ አይደርስም፤ የኤሌክትሮኑ ሞገድ የሚያፈጥናቸው ኤሌክትሮኖች ደግሞ ነዳጁን ሳይጨመቅ ቀድመው ያሞቁታል። ሁለቱን ግራፎች፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ ጎን ለጎን ይዘሽ ግቢ።