የቀን ፓኬጅ ወይስ የወር? 09 (ኢትዮ ቴሌኮም) ላይ ልቆይ ወይስ 07 (ሳፋሪኮም) ልጨምር? (ባህር ዳር)

ማር ዘጌ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደው ትንሽ ግራ ስለገባኝ ነው። ምኖረው ባህር ዳር ቀበሌ 14 ነው፣ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ነው ምሰራው፣ እናቴ ደግሞ ጣና ዳር ዘጌ ናት። ያለኝ 09 ብቻ ነው። በ*999# እየገባሁ የቀን ኢንተርኔት እገዛለሁ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ፣ ድምፅ ደግሞ ለብቻው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ሲያልቅ ስደምረው ከ500 ብር በላይ ይሄዳል። ደሞዜ ታውቁታላችሁ የሪሴፕሽን ነው 😅

እናቴ በየቀኑ ካልደወልኩ ትጨነቃለች፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው ቴሌግራም ምናምን የለም፣ እሷም 09 ናት። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው 07 ነው ሚይዘው። እኔ ቴሌግራም ብዙ እጠቀማለሁ፣ እንግዶች ቡኪንግ ሲያረጉም በሱ ነው ምናወራው፣ ማታ ማታ ደግሞ ቲክቶክ አለ አልዋሽም። የወር ልግዛ? ያልተገደበ ሚባለው ያዋጣል? ወይስ እንደ ጓደኞቼ 07 ላውጣ? ምታውቁ ንገሩኝ እስኪ።

ባጃጅ 11፦
07 አውጪ በቃ ተገላገይ

ሞባይል ጥገና ገበያ፦
ወንድሜ እንዲህ አይባልም እኮ፣ ሰው ምን እንደሚጠቀም ሳታውቅ አውጪ ትላለህ እንዴ።

እህቴ ሱቄ ሚመጣው ሰው ሁሉ ሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ምለው ስልክሽን ክፈቺ ነው። ሰቲንግ ውስጥ ግቢና ዳታ አጠቃቀም ሚለውን እዪው፣ ባለፈው ወር በሞባይል ዳታ ስንት ጊጋ እንደበላሽ፣ የትኛው አፕ እንደበላው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይታይሻል፣ የዋይፋዩን ለብቻው ነው ሚያሳይሽ እንዳትቀላቅይው። ድምፁን ደግሞ ከጥሪ ዝርዝሩ ላይ ገምቺው፣ ከእናትሽ ጋር በቀን 10 ደቂቃ ካወራሽ በወር 300 ደቂቃ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳትይዢ ፓኬጅ ምረጪ ማለት እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።

ከዛ ማወዳደሩ ማካፈል ብቻ ነው። ለምሳሌ ብዬ ነው እንጂ ትክክለኛው ዋጋ አይደለም፣ ዋጋውማ በየጊዜው ስለሚቀያየር ዛሬ ያለውን *999# ላይ እዪው። የቀኑ በ20 ብር 500 ሜጋ ቢሆን ጊጋው 40 ብር አካባቢ መጣ። የወሩ በ200 ብር 8 ጊጋ ቢሆን ጊጋው 25 ብር ነው። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው «የወሩ ይሻላል» ብሎ ይነሳል። ግን ከ8ቱ 4ቱን ብቻ ተጠቅመሽ 30 ቀኑ ቢያልቅ የከፈልሽው በጊጋ 50 ብር ነው፣ የቀኑ ረክሶ ተገኘ ማለት ነው። ማካፈል ያለብሽ በሚሰጡሽ ጊጋ ሳይሆን በምትጨርሽው ጊጋ ነው። ሰው ሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቪዲዮን በተመለከተ መካከለኛ ጥራት 480 ምናምን ላይ አንድ ሰዓት ብታዪ ግማሽ ጊጋ አካባቢ ይበላል፣ 1080 ላይ ካደረግሽው ከ1 ጊጋ ተኩል በላይ ይሄዳል። ቲክቶክ ውስጥ ዳታ ቆጣቢ አለ አብሪው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ዳታና ስቶሬጅ ሚለው ውስጥ በሞባይል ዳታ አውቶማቲክ ማውረዱን አጥፊው፣ ያለዚያ የግሩፑን ቪዲዮ ሁሉ ሳታዪው አውርዶ ያስቀምጥልሻል። እሱን ብቻ አጥፍተንለት የዳታ ወጪው በጣም የቀነሰለት ደንበኛ ብዙ ነው።

ደግሞ የምትሰሪበት ቤት ዋይፋይ የለም እንዴ??

ጀልባ ነጂ፦
እኔ ዋጋውን ትቼ ስለ ኔትወርክ ልናገር። ባህር ዳር ከተማ ውስጥ ሁለቱም ይሰራሉ። ጨዋታው ሚለየው ከከተማ ስትወጪ ነው። እኛ ዘጌም ደቅ ደሴትም ስንመላለስ ሁለት ሲም ነው ምንይዘው፣ አንድ ቦታ ላይ አንደኛው አለ ሌላው የለም፣ ትንሽ ሄድ ስትይ ይገለበጣል። ሐይቁ ላይ እንኳ ከዳር ራቅ ስትይ እየመጣ እየሄደ ነው። ዘጌ ደግሞ ጫካ ነው፣ ቡናው ዛፉ ኮረብታው አለ፣ ከወደቡ ላይ ጥሩ ይዞ እላይ ቤት ውስጥ ስትገቢ ሚጠፋ አለ። ስለዚህ 07 ከማውጣትሽ በፊት 07 ያለው ሰው ስልክ ይዘሽ እናትሽ ቤት ሂጂና ጓዳ ሆነሽ ደውይ፣ በር ላይ ቆመሽ አይደለም። ማታም ሞክሪው፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ሰው ሁሉ ስለሚገባ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቀን 4 ሰዓት ላይ ሞክረሽ ጥሩ ነው ብትይ ማታ ታዝኛለሽ። ጥምቀት ቀንማ ተዪው ከማንም ጋር አይወራም 😂

ርካሽ ሆኖ እናትሽ ጋ ማይደርስ ፓኬጅ ምን ሊረባሽ።

ሳሚ ፔዳ፦
እኛ ዶርም ውስጥ ያልተገደበ በጋራ ነው ምንገዛው፣ አንዱ ይገዛል በሆትስፖት እንካፈላለን ብሩን እናዋጣለን፣ ለ3 ለ4 ሰው ፉል ያዋጣል። ለአንድ ሰው ግን ወላሂ ቲክቶክ ላይ ካላደርሽ አይመስለኝም። ያልተገደበ ሲሉ ደግሞ ፍትሃዊ አጠቃቀም ሚባል ነገር አለው፣ የሆነ መጠን ስታልፊ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አይቆምም ግን ቪዲዮ ቀጥ ቀጥ ማለት ይጀምራል። ስንት ጊጋ ላይ እንደሆነ ስትገዢ ዝርዝሩ ላይ አንብቢ።

ሌላ ደግሞ ፓኬጅ ሲያልቅ ዳታሽ ክፍት ከሆነ ከዋናው ባላንስ ነው ሚቆርጠው፣ ያለ ፓኬጅ ያለው ዋጋ ደግሞ ውድ ነው፣ 50 ብር ሞልተሽ ትተኛለሽ ስትነሺ የለም። እኔ ዋናው ሂሳብ ላይ ብዙ ብር አላስቀምጥም፣ በቴሌብር ቀጥታ ፓኬጁን ነው ምገዛው፣ በዛ ላይ በቴሌብር ወይም በአፑ ስትገዢ ብዙ ጊዜ ቦነስ አለው ከካርድ ይሻላል።

አባ ጉዱ፦
ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ኢንተርኔት ሚባለውን ይሄን ለማንበብ ያህል ነው ምጠቀመው። ግን አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም የወር የወር ትላላችሁ። ብር በወር ለሚያገኝ ሰው ጥሩ ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የቀን ሠራተኛው ግን ብሩ በየቀኑ ነው ሚመጣው፣ ዛሬ ቆሮሶ ዓሣ ካልያዘ የወር ፓኬጅ ከየት ያመጣል፣ እሱ የቀን ቢገዛ ሞኝ አይደለም። አንቺ ግን ደሞዝተኛ ነሽ፣ ደሞዝ እንደተቀበልሽ የእናትሽን የድምፅ ፓኬጅ ቀድመሽ ግዢ፣ ሌላው ይደርሳል። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ዳታ ምን ይሰራ ነበር? እኔ ልጆቼ ጋ በድምፅ ነው ስንጠያየቅ የከረምነው።

ሞባይል ጥገና ገበያ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ የቀኑ ለማን እንደሚሆን እኔም ማለት ነበረብኝ እድሜ ይስጥዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ለባለ ቀን ገቢውም የሳምንት ሚባለው መሀል ላይ አለ፣ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፈዋል።

ባጃጅ 11፦
ባጃጅ ነጂው ሲባል እኔን ነው እንዴ 😂 በነገራችን ላይ ጋሼ እውነታቸውን ነው የቀን ነው ምገዛው

ትዕግስት አባይ ማዶ፦
እኔ ሁለቱንም ሲም አለኝ። 09ን ጭራሽ እንዳትጥይው፣ ቴሌብርሽ በሱ ነው፣ የባንክ ኮድ ሚመጣልሽ በሱ ነው፣ እንግዶችሽም ሚያውቁት እሱን ነው። ስልክሽ ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሰቲንግ ውስጥ ዳታ በአንዱ ጥሪ በሌላው ማድረግ ይቻላል፣ የሲሙም ዋጋ ብዙ አይደለም መታወቂያ ይዘሽ መሄድ ብቻ ነው። ሁለቱንም ፓኬጅ ልሙላ ካልሽ ግን አሁን ከምታወጪው ይበልጣል እወቂው፣ ሰው ሁለት ሲም ያለው ለመቆጠብ ነው ብሎ ይጀምርና ሁለት ቦታ ይከፍላል።

ስለ ወንድምሽ፣ የድምፅ ፓኬጆች ላይ «በኔትወርኩ ውስጥ» ወይም «ወደ ሁሉም ኔትወርክ» ሚል አለ፣ ደቂቃው ብዙ ሆኖ ዋጋው ረከሰ ስትይ ወደ ራሱ ኔትወርክ ቁጥሮች ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እኔ ግን ወንድምሽን በቴሌግራም ደውይለት ባይ ነኝ፣ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ 1 ሜጋ ቢበላ ነው፣ ደቂቃሽን ለእናትሽ አስቀምጪው።

ማር ዘጌ፦
ኧረ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም 🙏 ሰቲንጉን አየሁት። ባለፈው ወር 9 ጊጋ ነው የበላሁት ከዛ ውስጥ 6ቱ ቲክቶክ ነው፣ ቴሌግራም ብዙ ይበላል ብዬ ስጠረጥር እሱ 2 እንኳ አይሞላም። ዋይፋይ አለ ስራ ቦታ፣ የእንግዶች ነው ግን ባለቤቱ ማታ ስትወጪ ትንሽ ብትጠቀሚ ችግር የለውም ብሎኛል፣ ቪዲዮውን እዛው አውርጄ ቤት ሳይ ምን ይለኛል። እንደዛ ከሆነ ሚያስፈልገኝ 3 ወይም 4 ጊጋ ነው ማለት ነው፣ ያልተገደበው ቀረ።

አሁን እንዲህ አስቤያለሁ። ደሞዝ ስቀበል በ09 የወር ድምፅ፣ ከዛ ትንሹን የወር ኢንተርኔት። ድምፁንና ዳታውን አንድ ላይ ያደረገ ጥቅልም አይቼ ነበር፣ ለየብቻ ስገዛና እሱን ስገዛ አካፍዬ አያለሁ፣ ሚሴጅ 200 ምናምን ጨምሮ ያስወድደዋል እኔ ደግሞ ሚሴጅ አልልክም። 07ን ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ የሱን ስልክ ይዤ እናቴ ቤት ልሞክረው። ጀልባ ነጂ ጓዳ ያልከው አስቆኛል ግን እውነት ነው፣ እናቴ ስታወራ ጓዳ ናት ሁሌም።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የወሩ ሳያልቅ ቀድሜ ባድሰው የተረፈኝ ይጠፋል?

ሳሚ ፔዳ፦
እንደ ፓኬጁ ነው። ስትገዢ ሚመጣልሽን ቴክስት አታጥፊው፣ ማለቂያ ቀንና ሰዓቱ እዛ ላይ አለ፣ ከመግዛትሽ በፊት 994 ደውለሽ ይሄ ፓኬጅ ሲታደስ የተረፈው ይጨመራል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ 07 ከሆነ ደግሞ 700 ነው። ራሱ እንዲታደስ ሚለውንም አይተሽ ተዪው፣ ሳታስቢው ብር ይቆርጥብሻል።

ጀልባ ነጂ፦
ዘጌ ስትሞክሪ ኡራ ኪዳነ ምህረት አካባቢም ሞክሪውና ፃፊልን፣ እኔ ወደቡን ነው ማውቀው እላይ ብዙ አልወጣም።

ማር ዘጌ፦
እሽ እፅፋለሁ፣ ቤታችን ከዛ ቅርብ ነው።