ሁለት ኤሌክትሮኖችን «ይህኛው» እና «ያኛው» ማለት ለምን አይቻልም?

ጠያቂዋ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ የኳንተም ፈተና አለብኝ። በቤት ሥራችን «ሁለት አንድ ዓይነት ቅንጣቶች በሀ እና በለ ሁኔታዎች ላይ በስንት መንገድ ይቀመጣሉ?» ተባልን። አራት ብዬ ጻፍኩ፤ በቀይ ተሰረዘብኝ። ሁለት የቡና ፍሬዎች በሁለት ሲኒ ቢከተቱ አራት አይደለም እንዴ?

መላሽ 1፦ ለቡናው ልክ ነሽ። ፍሬዎቹ የቱንም ያህል ቢመሳሰሉ አንዱን በእስክሪብቶ ነጥብ ታደርጊበታለሽ፤ ባታደርጊበትም በዓይንሽ ትከተይዋለሽ። ኤሌክትሮን ላይ ነጥብ አይደረግም፤ መጠነ ቁሱም ቻርጁም ከሌላው አይለይም። ሞገዶቻቸው ሲደራረቡ ደግሞ የቱ ወዴት እንደሄደ መከተል የለም። ስለዚህ «አንዱ ሀ፣ ሌላው ለ» እና ግልባጩ አንድ መንገድ ናቸው። ለቦሶን (እንደ ብርሃን ቅንጣቱ ፎቶን፣ አንድ ሁኔታ መጋራት ለሚችል ቅንጣት) ሦስት፤ ለፌርሚዮን (እንደ ኤሌክትሮን፣ አንድ ሁኔታ ለማይጋራ ቅንጣት) አንድ ብቻ፤ ስፒንም፣ ማለትም የቅንጣቱ ውስጣዊ ሽክርክሪት መሰል ባሕርይ፣ በሁኔታው ውስጥ ተቆጥሮ።

መላሽ 2፦ ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። መንገዶቹ እኩል ዕድል ካላቸው፣ ሁለቱ ፍሬዎች አንድ ሲኒ ውስጥ የሚገኙበት ዕድል 1/2 ነው፤ የቦሶኖች ግን 2/3። ዳካ ያስተምር የነበረው ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቦዝ በ1924 ፎቶኖችን በዚህ መንገድ ቆጥሮ ጽሑፉን ለአይንስታይን ላከ፤ አይንስታይንም ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ የሂሊየም ሁለት ኤሌክትሮኖች እንዴት አንድ ምሕዋር ተጋሩ? ደግሞስ መለየት ካልተቻለ 1 እና 2 ብለን ለምን እንጽፋለን?

መላሽ 1፦ በሞገድ ቀመራቸው ላይ ቅንጣቶቹ ሲቀያየሩ የቦታው ክፍል እንዳለ ይቆያል፤ የስፒኑ ክፍል ምልክቱን (ከ+ ወደ −) ይገለብጣል። የጠቅላላው ቀመር ምልክት ተገለበጠ ማለት ነው፤ ፌርሚዮኖች አንድ ሁኔታ አይጋሩም የሚለው የፓውሊ ሕግ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። 1 እና 2 የቀመሩ ክፍት ቦታዎች እንጂ የቅንጣቶቹ ስሞች አይደሉም።

ለሰኞ ይህን ያዢ፦ ሀ(1)ለ(2) ብለሽ ጻፊ፤ ለቦሶን ለ(1)ሀ(2)ን ደምሪበት፣ ለፌርሚዮን ቀንሺበት፤ በ1/√2 አባዢው። በፌርሚዮኑ ላይ ለን በሀ ብትተኪ ዜሮ ካልመጣ ስሌትሽን መርምሪ። ሁለቱም ቦሶኖች ሀ ላይ ከሆኑ ግን ሀ(1)ሀ(2) ብቻ ነው፤ 1/√2 አይገባም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ነጥብ የጣልኩት እዚህ ላይ ነበር።

መላሽ 3፦ ለሁሉም ኤሌክትሮን ይህን እንዳትሠሪ ደግሞ! አንዱ ጅማ፣ ሌላው አጋሮ ካለ ሞገዶቻቸው አይደራረቡም። በስሌቱ የመቀያየሩ ክፍል ዜሮ ስለሚሆን «የጅማው» እና «የአጋሮው» ማለት ይበቃል።

ጠያቂዋ፦ ሦስትና አንድ። አሁን ገባኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።