ኦባማን “አዲሱ ኬኔዲ” ማለት ልክ ነበር? (ክርክር)

አራዳ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ቅዳሜ ቡና ላይ ያነሣነው ነገር ሳይቋጭ ተበትነናልና እዚህ ላምጣው። ጥያቄው ይህ ነው። በ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ (የአሜሪካን ነገር በሙሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባራክ ኦባማን “አዲሱ ኬኔዲ” ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ ወይ? ያለፈበት ጥያቄ ነው እንዳትሉኝ። አንደበተ ርቱዕ እጩ ብቅ ባለ ቁጥር ሰው ሮጦ የሞተ መሪ ፎቶ ያወጣና አጠገቡ ያቆመዋል፤ በየትኛውም አገር።

አቋሜን ልናገር። ንጽጽሩ ስህተት ነበር። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሥልጣን ላይ የቆየው ከጃንዋሪ 20 ቀን 1961 እስከ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ነው፤ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? ያልሠራውን ሁሉ ሊሠራው ነበር ብለን እንቆጥርለታለን። በ1960 እጩ በነበረ ጊዜ ግን ማንም እንዲህ አላመለከውም። ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ኒክሰንን የበለጠው 120 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ነው። የ2008 ሰዎች ኦባማን ያስተያዩት ከዚያ እጩ ጋር አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ከተሠራው ኬኔዲ ጋር ነው። ይህን ሚዛን በሕይወት ያለ ሰው አይችለውም።

ማራኪ፦
እህቴ፣ አልስማማም። ጋዜጠኛ ብቻ ቢለው እሺ፤ ቤተሰቡ ነው እኮ ያለው! የኬኔዲ ልጅ ካሮላይን ጃንዋሪ 27 ቀን 2008 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስለ ኦባማ ስትጽፍ እንደ አባቷ ያለ ፕሬዚዳንት ይሆናል ብላ ነው የደገፈችው። በማግስቱ ታናሽ ወንድሙ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ድጋፉን ሰጠ። ኬኔዲ በጁን 1963 ስለ ሰላም የተናገረው እዚያው ግቢ ነው፤ ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። የኬኔዲን ንግግሮች ይጽፍ የነበረው ቴድ ሶረንሰንም በስተርጅናው ለኦባማ ሲቀሰቅስ ነበር። እነዚህ ሰዎች ኬኔዲን በሥጋ ያውቁታል፤ እኛ የምናውቀው በፎቶ ነው።

ሁለቱም ደግሞ የተዘጋ በር ነው የገፉት። ካቶሊክ ፕሬዚዳንት አይሆንም ይባል ነበር። ኬኔዲ ሴፕቴምበር 1960 ሂውስተን ሄዶ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ፊት ቆሞ ስለ እምነቱ መለሰ። ኦባማ ማርች 18 ቀን 2008 ፊላደልፊያ ላይ ስለ ዘር ተናገረ። ሁለቱም ጥያቄውን ከመሸሽ ወደ ጥያቄው መሄድን መረጡ። ይህ ካልተመሳሰለ ምን ሊመሳሰል ነው?

አዘዞ፦
ቤተሰቡ አለ ስትል ግማሹን ነው የተናገርኸው። የወንድሙ የሮበርት ኬኔዲ ልጆች ካትሊን፣ ኬሪና ሮበርት ጁኒየር በዚያው ሰሞን ለኦባማ ተፎካካሪ ለሂላሪ ክሊንተን ነው የቆሙት። የአንድ ቤት ልጆች ያልተስማሙበትን አንተ በምን ደመደምኸው?

ሌላም አለ። ኦባማ ራሱ በማርች 2007 አላባማ ውስጥ ሰልማ ከተማ ላይ ሲናገር፣ አባቱን ከኬንያ አሜሪካ ለትምህርት ያመጡት ኬኔዲዎች እንደሆኑ አስመስሎ አወራ። አባቱ ሃዋይ የገባው በ1959 ነው። የኬኔዲ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ለኬንያ ተማሪዎች ጉዞ 100 ሺህ ዶላር የሰጠው በ1960። ታዲያ ከየት መጣ? ንጽጽሩ ደስ ስለሚል ዓመቱ ተረሳ፤ ጋዜጦች ኋላ ነው ያረሙት። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፣ ውብ ታሪክ ከተገኘ ማንም አያጣራም።

ኬኔዲስ ቢሆን? ሲገባ ቬትናም ውስጥ 1 ሺህ የማይሞሉ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ነበሩ፤ ሲሞት 16 ሺህ ደርሰዋል። በኤፕሪል 1961 ኩባ ላይ ያደረገውን ወረራም እናውቃለን፣ በሦስት ቀን ተንኮታኮተ።

ኦባማ ደግሞ የጓንታናሞን እስር ቤት በአንድ ዓመት እዘጋለሁ ብሎ ፈርሞ በስምንት ዓመቱ ሳይዘጋ ወጣ። እኛን በሚመለከት፣ በጁላይ 2015 አዲስ አበባ መጥቶ መንግሥታችንን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ነው አለ። ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከሁለት ወር በፊት የፓርላማውን መቀመጫ ጠቅልለው ወስደውት እያለ! ያን ቀን ከቴሌቪዥኑ ፊት ነበርሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የቸቸላው ጋሼ፦
ልጆቼ፣ ስትከራከሩ ማየት ደስ ይላል። እኔ የኬኔዲ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያደግሁ ሰው ነኝ። ኬኔዲ ያቋቋመው የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በእኛ በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ከነሱ አንዱ ነበር። በሞቱ ጊዜ የጎንደር ሰው ዘመዱ የሞተ ያህል ነው ያዘነው። ጃንሆይ በኦክቶበር 1963 ዋሽንግተን ሄደው ኬኔዲ ራሱ ተቀብሏቸው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ። ከደጎል ጋር በእግራቸው ሲሄዱ የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ አለ? አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የተማራችሁ ደግሞ ኬኔዲ ላይብረሪ ተቀምጣችሁ ነው ያጠናችሁት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለቴ ነው፣ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ነበሩበት፣ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታም ነበረበት። ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማን ነበር? አይዘንሃወር። የስንቱን እናት ምጥ ያቃለሉ የጤና መኮንኖች ከዚያ ወጥተዋል። የአይዘንሃወርን ፎቶ የሰቀለ አንድም ቤት አላየሁም። ኬኔዲ ወጣት ነበር፣ መልኩ ያምር ነበር፣ ሲናገር ልብ ይነካ ነበር። ይህን አልንቅም፤ እነዚያን አስተማሪዎች ከቤታቸው አስነሥቶ እኛ ድረስ ያመጣቸው የእሱ ንግግር ነው። ግን ሥራና ፎቶ ለየቅል ናቸው።

እጩ ሳለ የሚታወቅ መሪ ደግሞ የለም። ኩባ ላይ በኤፕሪል 1961 የተሸነፈው ኬኔዲና በኦክቶበር 1962 የሶቪየት ሚሳይል እዚያው ኩባ በተገኘ ጊዜ የተቀመጠው ኬኔዲ አንድ ሰው አይደሉም። በመጀመሪያው የስለላ ሰዎቹንና ጄኔራሎቹን አመነ። በሁለተኛው ጄኔራሎቹ እንደብድብ ሲሉት እንቢ አለ። ደሴቲቱን በመርከብ ከበበ፣ በስውር ደግሞ ቱርክ ውስጥ የነበረውን የአሜሪካ ሚሳይል ለማንሣት ቃል ገባ፣ ጦርነቱም ቀረ። ይህን በ1960 ማን ገምቶ መረጠው? ማንም።

አዘዞ፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። ወደ እኛም ይምጣልና። እኛስ ጠንከር ያለ ሰው በተነሣ ቁጥር “መይሳው ተነሣ” አይደል የምንለው?

አራዳ፦
እሱን ልጽፍ ነበር ቀደምኸኝ። እኛ ጎንደሮች ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ቋረኛው ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ለምን መረጠ? ፍትሕ የሚያመጣ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል የሚል የቆየ ትንቢት ሕዝቡ ዘንድ ስለነበረ ነው። ሕዝቡ የሚጠብቀውን ልብስ ለበሰ፤ ቅስቀሳውን ሌላ ሰው አላደረገለትም። እወደዋለሁ፣ አልደብቅም። የመሣፍንቱን ዘመን የቋጨ፣ መድፍ ያሠራ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ያለ ሰው ነው። ፒያሳ ሐውልቱ ሥር ሳልፍ ዛሬም ቀና እላለሁ። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ይህችን ከተማ የዘረፈና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠለም እሱ ነው። አያቶቻችን ሁለቱንም ይነግሩን ነበር።

እንግዲህ አንዱን ፖለቲከኛ “እንደ ቴዎድሮስ ነው” ስትሉኝ የትኛውን ነው የምትሉኝ? የ1847ቱን ወይስ የ1859ኙን? ንጽጽሩ ይህን ጥያቄ ይዘጋዋል። እጩውን ልንመረምረው ሲገባ ቀድመን የወደድነውን ሰው ፍቅር በብድር እንሰጠዋለን። ለዚህ ነው ስህተት ነው ያልሁት፤ ኦባማን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም ማርች 2010 የፈረመው የጤና መድን ሕግ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ደርሷል፤ ብቻውን በራሱ ስም ሊመዘን የሚገባው ሥራ ነው።

ማራኪ፦
ስለ ቴዎድሮስ ያልሽው ልቤ ገብቷል። ግን አንድ ሰው ልጥራ፣ ከዚያ ፍረዱ። ሃሪስ ዎፎርድ። በ1960 የኬኔዲ የሲቪል መብት አማካሪ ነበር። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የሰላም ጓድ ዳይሬክተር፤ ጋሼ፣ እነዚያ አስተማሪዎችዎ በእሱ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ይኸው ሰው ማርች 2008 ፊላደልፊያ ላይ ኦባማ ያንን የዘር ንግግር ሲያደርግ ወደ መድረኩ የጋበዘው ነው። ሁለቱንም በቅርብ ያየ ሰው ይህን ካደረገ ንጽጽሩ የጋዜጣ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የቸቸላው ጋሼ፦
ዎፎርድ! ይህን አልሰማሁም ነበር። ተባረክ ልጄ።

አራዳ፦
እሱን በማንሣትህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ወደምፈልገው ቦታ ነው ያመጣኸን። በኦክቶበር 1960፣ ምርጫው ደጃፍ ላይ ሳለ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጆርጂያ ውስጥ ታሰረ። ለሚስቱ ለኮሬታ ስልክ ደውልላት የሚለውን ሐሳብ ያመነጨው ዎፎርድ ነው። ኬኔዲ ደወለ። ወንድሙ ሮበርት የደቡብ ነጮችን ድምፅ ልታሳጡን ነው ብሎ በሰዎቹ ላይ ጮኸ። እጩን ከመሪ ጋር ማስተያየት ካለብን በዚህ እናስተያየው፤ ድምፅ ሊያሳጣው በሚችል ሰዓት ምን አደረገ? ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ድምፁ፣ በጁላይ 2008 በርሊን ስለወጣለት ሕዝብ አትንገሩኝ። በዚህ ሚዛን ኦባማም የሚቀርብለት አለው። ኦክቶበር 2 ቀን 2002 ቺካጎ ላይ ቆሞ የኢራቅን ጦርነት ተቃወመ። ያኔ አብዛኛው አሜሪካዊ ጦርነቱን ይደግፍ ነበር። ሂላሪ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሴኔት ውስጥ ለጦርነቱ ፈቃድ ድምፅ ሰጥታለች። ይህን አስተያዩልኝ፣ እቀበላለሁ።

አዘዞ፦
እንዴ! ያኔ በኢሊኖይ ግዛት ሴኔት የሚወክለው ወረዳ እኮ የቺካጎ ደቡብ ነው። መራጩ ራሱ ጦርነቱን የሚጠላ ነበር። ምን ሊያጣ ነው?

አራዳ፦
ያን ሰሞን ለአሜሪካ ሴኔት ሊወዳደር እየተሰናዳ ነበር። በጃንዋሪ 2003 በይፋ ተናገረ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ወረዳውን ብቻ አትቁጠር፤ የኢሊኖይን ገበሬና የገጠር ከተማ መራጭ ሁሉ ቁጠርና ተመለስ፣ እጠብቅሃለሁ።