የኋላ ትከሻ በዳምቤል ስሠራ የሚደክመኝ ማጅራቴ ነው፤ ምን አጠፋሁ?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ቤት ውስጥ በባለ 10 ኪሎ ዳምቤል እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሬ ስለምውል ትከሻዬ ወደ ፊት መጥቷል። የኋላውን ላጠንክር ብዬ ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ክንፍ ወደ ጎን መዘርጋት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ትከሻዬ ላይ ግን ምንም አይሰማኝም፤ የሚደክመኝ ማጅራቴና ወገቤ ነው።

ቆላው፣ ሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን 10 ኪሎ አስቀምጠው። የትከሻ ጡንቻ የፊት፣ የጎንና የኋላ ክፍል አለው፤ የኋላው ትንሽ ነው። ክብደቱ ሲበዛበት ማጅራትና ጀርባ ሥራውን ይቀሙታል፣ ወገብም እያወዛወዘ ያግዛል። በ2 ወይም በ3 ኪሎ ጀምር። ቀላል ዳምቤል ካጣህ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሲሞላ 1 ኪሎ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ብትሞላው ከ1 ኪሎ ተኩል ያልፋል። እኔም በከባድ ስወዛወዝ ብዙ ወራት አልፈውብኛል፤ አንተን እንዲህ እንዳይሆንብህ ነው።

የደብረ ሲና አሠልጣኝ፦
ቆላው ትክክል ነው፤ አቋቋሙን ልጨምር። ጤፍ እንደሚያጭድ ሰው ጀርባህን አታጉብጥ። ጉልበትህን ትንሽ አጥፈህ መቀመጫህን ወደ ኋላ ግፋ፤ እጥፋቱ ከዳሌህ ይሁን። ጀርባህ ቀጥ ብሎ ደረትህ ወደ መሬት ይዙር፤ አንገትህን ወደ ላይ ቀና ሳታደርግ ፊት ለፊትህ ያለውን መሬት እይ። እጆችህ ከትከሻህ ሥር ይንጠልጠሉ፣ መዳፎችህ ይተያዩ፣ ክርንህ በመጠኑ ይታጠፍና እጥፋቱ እስከ መጨረሻው አይለወጥ። ከዚያ እጅህን ረስተህ በክርንህ ወደ ጎን ክፈት። ክንድህ ከትከሻህ ጋር ሲስተካከል አቁም፤ ትከሻህን ወደ ጆሮህ አታንሣ። ሲወርድ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፍጅ። ክርንህን ወደ ጎድንህ ከጎተትከው ደግሞ የጀርባ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪዋ፦
ብዙዎች «የጀርባህን ሁለት የትከሻ አጥንቶች እስኪነካኩ አጥብቅ» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ያኔ ጫናው በአጥንቶቹ መካከል ወዳሉት ጡንቻዎች ይሄዳል። እነሱንም ማጠንከር ለአንተ ይጠቅማል፣ ግን በሌላ ቀን ለብቻው ሥራው። ወገብህን ለማሳረፍ ግንባርህን ትራስ የተደረገበት ጠረጴዛ ላይ አስደግፍ፤ ጂም ካገኘህ ዘንበል ባለ ቤንች ላይ በደረትህ ተኛ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 3 ዙር ከ12 እስከ 15 ጊዜ ይበቃሃል። ክንድህ ላይ መደንዘዝ ወይም ውጋት ከመጣ ግን አቁመህ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂድ።

ቆላው፦
አንድ ነገር ረሳሁ። እኛ ጋ ሙቀት ስለሆነ አያሳስብም፤ እናንተ ጋ በውርጭ ጠዋት ሰውነትን ሳያሟሙቁ መጀመር ጥሩ አይደለም። አምስት ደቂቃ ክንድህን አዙር።

የጠባሴ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ በአሸዋ በሞላሁት ሃይላንድ፣ ግንባሬን አስደግፌ ሞከርኩት። አሥረኛው ላይ የኋላ ትከሻዬ ተቃጠለ፤ ማጅራቴ ዝም አለ! በየሳምንቱ ክብደት ልጨምር?

የፊዚዮቴራፒ ተማሪዋ፦
አትቸኩል። ሦስቱንም ዙር ሳትወዛወዝ 15 ካደረስክ በኋላ ግማሽ ኪሎ ጨምር። የስፌት መኪናህንም ከፍታ እየው፤ ጨርቁን ለማየት አንገትህ የሚሰበር ከሆነ ጠረጴዛውን ከፍ አድርገው፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥተህ ተንጠራራ።